የልጄ እህት አይደለሁም

የወረዳችን የወሳኝ ኩነት ክፍል ከምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። ተወለደ፣ አገባ፣ ፈታ፣ ሞተ የሚባለው እዚያ ነው፤ እዚያ ካልተባለ ሰውዬው ቢወለድም አልተወለደም፣ ቢቀበርም አልሞተም። ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አንደኛው እግሩ ስላጠረ የታጠፈ ካርቶን ገብቶበታል። ባለፈው ክረምት እኔና ያ አግዳሚ በደንብ ተዋውቀናል።

እኔ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ጆንያ እሸጣለሁ። ከእናቴ የወረስኩት ሥራ ነው። አሮጌውን እገዛለሁ፣ አራግፋለሁ፣ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ መልሼ እሸጣለሁ። አቧራው ጉሮሮዬን ስለያዘው ድምፄ ጎርናና ነው፤ እንደምን አደራችሁ ስል እንኳ የተቆጣሁ እመስላለሁ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ህንድ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘች። ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ለፓስፖርት ደግሞ የልደት ሰርተፊኬት። እኛ ሰፈር፣ አማኑኤል ጀርባ፣ በዚያ ዘመን ማን የልደት ሰርተፊኬት ነበረው? ልጅ ሲወለድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል፣ ገንፎ ይበላል፣ በቃ። ልጅቷ ተወልዳለች ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ ስታለቅስ ይሰማ ነበርና።

እናም የኔን መታወቂያ፣ የእሷን የትምህርት ማስረጃና ጉርድ ፎቶዋን ይዤ ወረዳ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወጣት ነው፤ ክፉም አልነበረም። መታወቂያዬን አየ፣ የእሷን ማስረጃ አየ፣ እንደገና መታወቂያዬን አየ።

«የአባትሽና የአባቷ ስም አንድ ነው። የአያትም አንድ ነው» አለኝ። «እህቷ ነሽ?»

«እናቷ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄ እንዴት ሆነ?»

እንዴት እንደሆነ በመስኮት ቀዳዳ፣ ከኋላዬ ሰልፈኛ እየገፋኝ የሚነገር አልነበረም። እዚህ ልንገራችሁ።

አባቴ እህል በረንዳ የታወቀ የጤፍ ደላላ ነበር። የጎጃም ሰው ነው። ጤፍ በመዳፉ ዘገን አድርጎ፣ እፍ ብሎ፣ ገዢና ሻጭን አስታርቆ ይሸኛል። በእሱ እምነት በዚህ ዓለም በድርድር የማያልቅ ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ይጨባበጣሉ፣ አለቀ። የልጄ አባት ደግሞ ለበረንዳው ስንዴ የሚያመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ማርገዜን ነገርኩት። ደስ አለው፣ ወይም ደስ ያለው መሰለ፣ ከዚያ ጭነት አለብኝ ብሎ ወጣ። መኪናው ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ፤ መሪውን የያዘው ግን ሌላ ሰው ነበር።

አባቴ አልመታኝም፣ ከቤትም አላስወጣኝም። ይህን ለእሱ እመሰክርለታለሁ። ልጅቷ እንደተወለደች አቀፋት፣ ወደዳት፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ሥራው ተደራደረ። «ልጅቷ አባት ታገኛለች። አንቺ ስምሽ አይነሳም። እኔም በረንዳው ላይ አንገቴን አልደፋም። ማን ከሰረ?» አለኝ። የከሰርኩት እኔ ነበርኩ። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ደረቴ በወተት ተወጥሯል፣ ደላላው ደግሞ አባቴ ነው።

ልጅቷ አፏን ስትፈታ አባቴን አባባ፣ እናቴን እማዬ፣ እኔን እትዬ ማለት ጀመረች። ማንም አላስተማራትም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ሁሉም አስተማሯት። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግባት የአባት ስም ሲሉት የራሱን ሰጠ። የሰፈሩ ሰው ያውቃል፣ ግን አያወራም። በአገራችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያት አባት፣ እናት እህት ሆና የምትኖርበት ቤት ቢቆጠር የመርካቶ ተራ ሁሉ አይበቃውም። ልጄም እናቷ እኔ መሆኔን ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ማወቅ ሌላ፣ መጥራት ሌላ።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። ልጁ ለኔ አዝኖ መላ ፈለገልኝ።

«አባትሽና እናትሽ አሉ?»

«ሞተዋል።»

«የሁለቱም ሞት እኛው ጋ ተመዝግቧል?»

«ተመዝግቧል።»

«ታዲያ ምን ያስቸግርሻል?» አለ ፊቱ በርቶ። «አባት ብለን እሳቸውን፣ እናት ብለን እናትሽን እንሞላለን። የትምህርት ማስረጃዋም ይገጥማል። አንቺ እህት ሆነሽ ትፈርሚያለሽ፣ ሰሞኑን ትወስጃለሽ።»

«እናቴ ያን ጊዜ ሃምሳዋን ካለፈች ቆይታለች።»

«ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ!» አልኩት። ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ያጠባሁት እኔ፣ ኩፍኝ ሲይዛት በጀርባዬ አዝዬ የሮጥኩት እኔ። አሁን ደግሞ ሞተው ለተቀበሩት ሰዎች ልጅ ላስወልድላቸው?»

«እንግዲያው አባትየው መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ።»

«አባትየው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው መቅረብ የነበረበት።»

«የአባት ሳጥን ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም» አለና እጁን ዘረጋ። ቀጣይ ማለቱ ነው።

ከኋላዬ የነበረ አንድ ጎልማሳ ሰልፉን ለማዝናናት ፈለገ መሰለኝ፣ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤ ነገሩ ይኸው ነው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ወደ እሱ ዞርኩ። «በቅሎዋ ምን አጠፋች?» አልኩት። «የማታውቀውን ትታ የምታውቀውን ተናገረች። ፈረሷ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ይኸው ቆሜያለሁ፣ ይጻፉኝ!» የባሰ ሳቁ፤ ግን አሁን የሳቁት ከኔ ጋር ነው። ሰውዬው ራሱ ሳይቀር ሳቀና «በርቺ እቴ» አለኝ።

መበርታቱንስ በረታሁ። ችግሩ ቤት ነበር።

ልጄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች አዳመጠችኝ። ኮሌጁ ፓስፖርቷን እስከ ወሩ መጨረሻ ካላየ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል።

«እሺ በያቸውና ይለቅ» አለች። «ምን ይለወጣል? ወረቀት ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳት። «ዛሬ እህቷ ናት ካለ፣ እስክሞት እህትሽ ነኝ። ነገ እዚያ ብትታመሚ፣ ቤተሰቧን ጥሩ ሲባል ማንን ነው የሚጠሩት? መቃብር ሊደውሉ ነው?»

«ሰው እንዳይስቅብሽ ነው አይደል? ለራስሽ ነው የምትታገይው።»

«አዎ ለራሴ ነው!» አልኳት። «ለማን ልታገል ኖሯል?»

ስልኳን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባባ ቢኖር ይጨርሰው ነበር» አለች።

«አባባ ነው የጀመረው!»

ይህን ማለት አልነበረብሽም ይሉኛል ጎረቤቶቼ። እኔ ግን አሁንም ብያለሁ። አባቴን እወደው ነበር፤ ሲሞት ከማንም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። የሞተ ሰው አይወቀስም የሚሉት ደግሞ የሞተው ሰው ሥራ ያልደረሰባቸው ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ለአስፈላጊ ነገር ካልሆነ አላናገረችኝም። ቁርሷን በልታ «እትዬ ቻው» ብላ ትወጣለች። ያቺ እትዬ እንደዚያ ሰሞን አቁስላኝ አታውቅም።

ወደ ወረዳው ግን መመላለሴን ተያያዝኩት። ሱቄን እከፍታለሁ፣ ሁለት ሦስት ጆንያ እሸጣለሁ፣ መጋረጃውን ጥዬ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ሲስተም የለም። አንዳንድ ቀን መብራት የለም። ሁለቱም ሲኖሩ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ነገ ተመለሺ ይሉኛል፤ እኔም ነገ ስለሚባለው ነገር ቀልድ አላውቅም፣ እመለሳለሁ። ጥበቃው በመጨረሻ መፈተሹን ትቶ «ዛሬም?» ብቻ ይለኝ ጀመር። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱን በእጁ ያሻል።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው ወጡ። ደከም ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ቆመው ሰሙኝ። «ሆስፒታል ነው የወለድሽው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። «እንግዲያው መውለድሽን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች አምጪ። ከሦስቱ አንዱ ስትወልጂ በዓይኑ ያየ ይሁን። የአባትየውን ነገር ያኔ እናያለን።»

ሁለቱ ቀላል ነበሩ፤ በረንዳው ላይ አጠገቤ የሚነግዱ፣ ሆዴ ሲገፋ ያዩ ሰዎች ናቸው። መጡ፣ መሰከሩ፣ ፈረሙ፣ ወደ እህላቸው ተመለሱ። በዓይኗ ያየች ግን በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት የቀረችው፤ የድሮ ጎረቤታችን። የወሎ ሰው ናቸው፣ እስላም ናቸው፣ እማማ እንላቸዋለን። ሱቃችን አጠገብ ቅመም ይሸጡ ነበር፤ ቤታችንም ከጀርባ ግድግዳ የተጋራ ነበር። እነሱ ያሉበት ረድፍ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጉልበታቸው ታሟል፤ ከፎቅ የሚወርዱት ለጁምዓና ለለቅሶ ብቻ ነው። ስልክ ደውዬ ነገሩን ሳስረዳቸው አላስጨረሱኝም።

«መቼ ነው?» አሉ።

«እማማ፣ ደረጃው…»

«መቼ ነው አልኩሽ!»

በቀጠሮው ቀን ሄጄ አመጣኋቸው። ልጄም ትምጣ ስለተባለ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ተለይታ ቀጥታ ወረዳ መጣች። ፊቷን አጥቁራለች። እማማን ስታይ ግን ጉልበታቸውን ሳመች፤ ደግፋም መስኮቱ ድረስ አደረሰቻቸው። ልጁ ወንበር ከውስጥ አውጥቶ፣ «ይቀመጡ እማማ» አላቸው። ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ይህቺ ሴት ልጅቷን ስትወልድ በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ ወይ? እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«የት ነው የተወለደችው?»

ያን ጊዜ እማማ እኔ ለልጄ ነግሬያት የማላውቀውን ነገር መናገር ጀመሩ። እኔም ላስቆማቸው አልቻልኩም።

«ክረምት ነው። ዙሁር ሰግጄ ስነሳ ከጆንያው መጋዘን ውስጥ የሚንፈራገጥ ነገር ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ ገባሁ። ይህቺ፣» በጣታቸው አሳዩኝ፣ «ጆንያ ክምር ላይ ወድቃ ምጥ ይዟታል። እናቷ ገበያ ወርዳለች። አባቷ ውጭ በሩ ላይ ቆሞ ከነጋዴ ጋር ጤፍ ያስማማል። የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ልጥራው ስላት እጄን ያዘችኝ፤ ሰው ፊት አንገቱን አይድፋ አለችኝ። ወላሂ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። ጆንያ ነክሳ ነው የወለደቻት። የጆንያውን ቃጫ ከጥርሷ መሃል በጣቴ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህቺ ሴት በየቀኑ እየመጣች ትጮህብናለች ብለሃል አሉ። ያን ቀን ዝም ብላለች። ዛሬ ትጩህ፤ ተዋት።»

ልጁ ቃላቸውን ጻፈ። እማማ ሌባ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ልጄን ላያት አልደፈርኩም፤ ካርቶን የገባበትን የአግዳሚውን እግር አይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይሆናል ብዬ ያላሰብኩት መጣ። ልጁ አዲስ ቅጽ አውጥቶ፣ «እሺ፣ አመልካቿ ትቅረብ» አለ። እኔ ተነሳሁ።

«አንቺ አይደለሽም። አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ አመልካቿ እሷ ናት። እሷ ያለችኝን ነው የምሞላው፣ የምትፈርመውም እሷ ናት። አንቺ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ስመላለስ ማንም ይህን አልነገረኝም፤ ወይም ነግረውኝ በጩኸቴ አልሰማሁ ይሆናል። ፈራሁ። ጥበቃ፣ ኃላፊ፣ ሰልፈኛ ያላስፈራኝን ሴትዮ የገዛ ልጄ ጀርባ አስፈራኝ። የሚቀላት የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ የአባባን ስም፣ የእማዬን ስም ብትል በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ብትለውም ልፈርድባት አልችልም። እማማ እጄን ይዘው በልባቸው ዱዓ ያደርጋሉ።

«ሙሉ ስም» አለ ልጁ። ተናገረች።

«የአባት ስም ያው ነው የምንሞላው?»

«አይደለም» አለች። «ያ የአያቴ ስም ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ስሙንም ሰጥቶኛል፤ ስሜ ላይ ይቆይ። አባት የሚለው ጋ ግን ባዶ ይለፈው።»

«ለእናትሽም ነግሬያታለሁ እኮ። ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም።»

«እኔ ለምጄዋለሁ» አለችው። «ሲስተሙም ይልመደው።»

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ድምጿ የኔ ነበር። አቧራ ሳይነካት፣ ጆንያ ሳታራግፍ፣ ያ ጎርናና ቁጣ ከየት እንደመጣባት አውቃለሁ። ልጁ ኃላፊውን ጠራ፤ ኃላፊው መነጽራቸውን አውርደው ኮምፒውተሩን አዩ፣ አንድ ሁለት ቦታ ነካኩና «ያልተገለጸ በልና እለፈው» አሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቃል ነው።

«የእናት ስም?» አለ ልጁ።

ልጄ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

«ያቺ አግዳሚው ላይ ሆና የምትቆጣዋ» አለች። «እሷ ናት እናቴ።»

ተነስቼ መታወቂያዬን በመስኮቱ አቀበልኩት።

ሰርተፊኬቱን ጊዜው ሳያልፍ ወሰድነው። ፓስፖርቱም ደረሰ፤ እሱ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ጠብ ነው። ሰርተፊኬቱን የተቀበልን ዕለት አብነት ሰፈር ታክሲ ስንጠብቅ ዝናቡ መጣ። ልጄ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጃኬቷን ዘጋችበት።

«እትዬ፣ ፌስታል ይዘሻል? እንዳይርስ» አለችኝ።

እትዬ። አፍ የለመደው ነው፤ አላረምኳትም። ከቦርሳዬ ፌስታል አወጣሁና ሰጠኋት። ትጥራኝ እንደለመደችው። ወረቀቱ የያዘውን አይለቅም።